ምሰሶው ከመቆሙ በፊት፤ ስለ አንድ ትንሽ ምክር ቤትና ስለ ፋብሪካ የመብራት መስመር

በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ባለችው በአይስላንድ ደሴት፥ የኤሌክትሪክ መስመር ከኃይል ማመንጫው ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ ይሄድ ዘንድ ሲታሰብ፥ ወጪውን የሚሸፍነው ኩባንያም ሆነ ፋብሪካውን ከባሕር ማዶ የጋበዘው መንግሥት በራሱ ፈቃድ ብቻ መንገዱን ሊጠርግለት አይችልም ነበር። መስመሩ የሚያቋርጣቸው የአጥቢያ ምክር ቤቶች፥ የሕዝባቸው ቍጥር ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን፥ እያንዳንዳቸው በየወሰናቸው ማመልከቻውን ተቀብለው፥ መርምረውና ምክንያታቸውን ጽፈው የሥራ ፈቃድ ካልሰጡ በቀር አንዲት ምሰሶ እንኳ በሕግ አትቆምም ነበር። ይህን ሥልጣን ከነክብሩና ከነድካሙ ለአንባቢ ለማስተዋወቅ፥ በ2016 ዓ.ም. በሚቫትን ሐይቅ አጠገብ ከሆነው ነገር የተሻለ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአጥቢያው ምክር ቤት ጥንተ ታሪክ ረጅም ነው። ደሴቲቱ ንጉሥ ሳይኖራት በሕግና በጉባኤ ብቻ ትተዳደር በነበረበት በመካከለኛው ዘመን፥ ቢያንስ ሃያ ባለ እርሻዎች በአንድነት ሆነው «ህሬፑር» የሚባል ማኅበር ያቆሙ ነበር። ማኅበሩም ጧሪ የሌላቸውን ድኾች በየቤቱ ደልድሎ ያኖር፥ ከብቱ በበሽታ ያለቀበትን ወይም ቤቱ በእሳት የጋየበትን ሰው ከጋራ መዋጮ ይክስ ነበርና፥ የእኛን አገር እድር ለሚያውቅ ሰው ጠባዩ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። ከዚያ በኋላ ደሴቲቱ ለኖርዌይ፥ ቀጥሎም ለዴንማርክ ነገሥታት ስትገብር ኖራ በመጨረሻ ራሷን ብትችልም፥ የአጥቢያው አስተዳደር መልኩን እየለወጠ እስከ ዘመናችን ደርሷል። ትምህርት ቤቱንና የመጠጥ ውኃውን መጠበቅ የዘወትር ሥራው ሲሆን፥ ከሁሉ የሚበልጠው ሥልጣኑ ግን በ2010 ዓ.ም. በወጣው የፕላን ሕግ የተረጋገጠለት ነው፤ ይኸውም በወሰኑ ውስጥ ያለው መሬት ለምን ተግባር እንደሚውል መወሰን ነው።

በሚቫትን ዙሪያ የነበረው አጥቢያ ስኩቱስታዳህሬፑር ይባል ነበር። ነዋሪው ሁሉ ቢቈጠር አምስት መቶ የማይሞላ፥ የምክር ቤቱም አባላት በጣት የሚቈጠሩ፥ ቀን በየሥራቸው ውለው ለስብሰባ የሚቀመጡ የአገር ሰዎች ነበሩ። አገሩ ግን ከሕዝቡ ቍጥር ጋራ የማይመጣጠን ባለ ጸጋ ነው፤ ሐይቁ በየዓመቱ በእልፍ የሚቈጠር ዳክዬ የሚራባበት፥ ምድሩም እሳተ ገሞራ ደጋግሞ የገለባበጠው ነው። ከ1724 እስከ 1729 በዘለቀው ፍንዳታ የቀለጠው ዐለት እየፈሰሰ የሬይክያህሊድን መንደር ሲበላ፥ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርስ ለሁለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ አልፎታል። የቤተ ክርስቲያኑ ቦታ ዛሬም በጥቁር ዐለት ተከቦ ይታያል፤ ምእመናኑ ይህን እንዴት እንደ ተረጐሙት ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ከ1975 እስከ 1984 ደግሞ በዚያው አጠገብ በክራፍላ እሳቱ እንደ ገና ተነሥቶ፥ በአሮጌው ፍሳሽ ላይ አዲስ ፍሳሽ አልብሶበታል።

የአገሩ ሰው ስለ መሬቱና ስለ ውኃው ሲነኩት ዝም ብሎ የሚያይ እንዳይደለም ታሪክ ይመሰክርለታል። ከሐይቁ በሚወጣው በላክሳ ወንዝ ላይ ትልቅ ግድብ ተሠርቶ ሸለቆው በውኃ ሊዋጥ በታቀደ ጊዜ፥ ገበሬዎቹ አቤት ብለው ሰሚ ቢያጡ፥ በኦገስት 25 ቀን 1970 ሌሊት ተሰብስበው አንዲት አነስተኛ ግድብ በድማሚት አፈረሱ። መንግሥት «ማን አፈረሰው?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች «እኛ ነን» ብለው ስማቸውን ሰጡ። ትልቁ ግድብም ቀረ፤ በ1974 ሐይቁንና ወንዙን የሚጠብቅ ልዩ ሕግ ወጣ። ድማሚት የምርመራ ሥርዐት ሊሆን አይገባውም፤ ነገር ግን የሚሰማ ምክር ቤትና የይግባኝ ደጅ ለምን እንዳስፈለገ ከዚህ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር የለም።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንምጣ። ከሐይቁ በስተ ሰሜን፥ በባሕሩ ዳር፥ ሁሳቪክ ከምትባለው የዓሣ አጥማጆች ከተማ አጠገብ ባኪ የሚባል ሜዳ አለ። አልኮዋ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ሜዳ ታላቅ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሊያቆም አስቦ፥ የማመንጫዎቹ፥ የመስመሮቹና የፋብሪካው ጕዳት በአንድነት ተጠንቶ በ2010 ጥናቱ ተጠናቀቀ፤ በ2011 ግን ኩባንያው ሐሳቡን ትቶ ሄደ። በእርሱ ፈንታ የመጣው ፒ ሲ ሲ የተባለ የጀርመን ኩባንያ ሲሆን፥ ሊያመርት ያሰበውም በዓመት 32,000 ቶን ሲሊኮን ነበር። ሲሊኮን የሚወጣው ባልጩት ከሚመስል ነጭ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ከፖላንድ በመርከብ ተጭኖ መጥቶ፥ ከከሰልና ከእንጨት ፍልጥ ጋራ ተደባልቆ፥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ወደ 2,000 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ይቀልጣል። ሁለቱ ምድጃዎች ከ50 ሜጋዋት በላይ ኃይል ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ ይጠጣሉና፥ ይህን የሚያጠጣ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት የሚሠራ 90 ሜጋዋት ማመንጫ ቴይስታሬይኪር በሚባል ስፍራ ይተከል ዘንድ ተወሰነ፤ ይህንም ማመንጫ በአንድ ወገን ከክራፍላ፥ በሌላው ወገን ከባኪ የሚያገናኝ ባለ 220,000 ቮልት መስመር ታቀደ፤ ርዝመቱም በጠቅላላው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

በቤታችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ የዚህ መስመር ቮልት እንግዲህ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ቮልቱን እንዲህ ከፍ የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኃይል በሽቦ ሲሄድ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ በመንገድ ይቀራል፤ ቮልቱ በእጥፍ ሲያድግ ግን ያው ኃይል በግማሽ ከረንት ስለሚተላለፍ የሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፍተኛው ቮልት በበኩሉ ረጃጅም የብረት ምሰሶ፥ ሰፊ ነጻ መተላለፊያና ከባድ መሠረት ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ሽቦው ቢያቀናም፥ በእንዲህ ያለ አገር ዋናው ጕዳት ያለው ከእግር በታች ነው፤ ምሰሶ ለመትከል ጕድጓድ ይቈፈራል፥ ወደ ጕድጓዱ ኮንክሪትና ክሬን የሚያደርስ መንገድ ይጠረጋል። እንደ ተገመደ ገመድ ተጠምዝዞ የረጋው፥ ላዩ በግራጫ የድንጋይ ሽበት የተሸፈነው የእሳተ ገሞራ ዐለት አንድ ጊዜ ዶዘር ከሄደበት ወደ ቀድሞ መልኩ የሚመልሰው የለም፤ እንደ ሣር አይበቅል፥ እንደ አፈር አይደለደል። «እንግዲያስ ሽቦው ይቀበር» የሚል ቢኖር፥ ምድር ውስጥ የሚቀበረው ኬብል ዋጋው ከፍ ያለ፥ ሲበላሽም ብልሽቱን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ በዐለት ላይ ደግሞ ቦዩን መቈፈሩ ራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ መልሱ ከቢሮ ወንበር ላይ ሆኖ የሚነገር ሳይሆን፥ መሬቱን ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር እያዩ የሚመረመር ነው።

ላንድስኔት የተባለው የአገሪቱ የማስተላለፊያ መስመር ኩባንያ ማመልከቻውን በየአጥቢያው አቀረበ። ማመልከቻው ከምክር ቤቱ ጠረጴዛ ሲደርስ ካርታውን፥ የምሰሶዎቹን ቦታ፥ የሥራ መንገዶቹን አቅጣጫና የጕዳት ጥናቱን ይዞ ነው፤ የብሔራዊው የፕላን መሥሪያ ቤትም በጥናቱ ላይ አስተያየቱን አስቀድሞ የሰጠበት ነው። ይህ ሁሉ ወረቀት ለአንድ ትንሽ ምክር ቤት ታላቅ ፈተና ነው፤ የሊቃውንቱ ጥናት ሲከመርለት፥ «እኛ ከእነዚህ የበለጠ ምን እናውቃለን?» ብሎ ማኅተሙን ማሳረፍ ይቀለዋልና። የስኩቱስታዳህሬፑር ምክር ቤትም በ2016 ጸደይ ፈቃዱን ሰጠ።

ላንድቬርንድ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ግን ይግባኝ አለ። ክርክሩ ከብዙ አቅጣጫ የተሰነዘረ ሲሆን፥ ለእኔ ጕልህ ሆነው የሚታዩኝ ሁለቱ ናቸው። አንደኛው፥ የ2010ሩ ጥናት የተዘጋጀው ለታላቅ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ሆኖ ሳለ፥ ማቅለጫው ቀርቶ እጅግ የሚያንስ ፋብሪካ ሲመጣ መስመሩ እንደ ገና አለመታሰቡ ነው። ሁለተኛው፥ ከበረዶ ዘመን ወዲህ የፈሰሰው ዐለት በአዲሱ የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ ልዩ ጥበቃ ያለው መሆኑ ነው፤ ሕጉ አስቸኳይና የማይታለፍ ግዴታ ከሌለ በቀር ይህን ዐለት መንካት ይከለክላል፤ የተጠየቁት ባለ ሙያዎች አይሆንም ሲሉ ምክር ቤቱ ይሁን ካለም ምክንያቱን ለብቻው ይጽፍ ዘንድ ያዝዛል። የአካባቢና የተፈጥሮ ሀብት ጉዳዮች የይግባኝ ጉባኤም በኦገስት 2016 ነገሩ እስኪመረመር ድረስ በዐለቱ ላይ ያለው ሥራ እንዲቆም አዘዘ።

መንግሥት ደነገጠ። ፋብሪካው በመሠራት ላይ ነበር፥ ማመንጫውም እንዲሁ፤ የሚያገናኛቸው መስመር ግን መካከል ላይ ቆመ። የኢንዱስትሪ ሚኒስትሯም በሴፕቴምበር የሥራ ፈቃዱን በቀጥታ በሕግ የሚሰጥ ረቂቅ ለፓርላማ አቀረቡ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ አምስት መቶ የማይሞላ ሕዝብ ያለው አጥቢያ ያልተስተካከለ ፈቃድ በመስጠቱ ምክንያት የአንድ አገር ፓርላማ ሕግ ሊያወጣ ተነሣ! ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ፤ በኦክቶበርም የይግባኙ ጉባኤ ፍርዱን ሰጠና የምክር ቤቱን ፈቃድ ሻረ። የሻረውም መስመሩ ክፉ ነው ብሎ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ሕግ የጣለበትን የመመርመር ግዴታ በሚገባ አልፈጸመም፤ ዐለቱን መንካት የማይታለፍ መሆኑን፥ ሌላ አማራጭም አለመኖሩን ራሱ አጣርቶ አላሳየም ብሎ ነው።

ምክር ቤቱ ተመልሶ ተቀመጠ፤ አዲስ ማመልከቻ ተቀብሎ፥ ዳግመኛ መርምሮ፥ ብዙ ሳይቆይ ሁለተኛ ፈቃድ ሰጠ። መስመሩ ተሠራ፤ ፋብሪካውም በ2018 ማምረት ጀመረ። «ውጤቱ ያው ከሆነ ድካሙ ለምን ነበር?» የሚሉ አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፥ እኔም የምርመራው ጥድፊያ ከይግባኙ በኋላ እንኳ ሙሉ በሙሉ የጠፋ አይመስለኝም። ቢሆንም በፊተኛው ፈቃድና በኋለኛው መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም፤ በፊተኛው ጊዜ ምክር ቤቱ የሌላውን ጥናት ተቀበለ፥ በኋለኛው ጊዜ ግን የራሱን ምክንያት ጽፎ ፈረመበት፤ የተጻፈ ምክንያት ደግሞ ሊነበብ፥ ሊነቀፍና በዳኛ ፊት ሊቀርብ ይችላል።

የይግባኙ ጉባኤ ሚዛን እሺታን ብቻ የሚመዝን እንዳይመስል፥ ከደሴቲቱ ደቡብ ምዕራብ አንድ ነገር ልጨምር። በሱዱርኔስ ልሳነ ምድር ላይ ለሚዘረጋ ሌላ ባለ 220,000 ቮልት መስመር የባለ ርስቶቹ መሬት በግዳጅ እንዲወሰድ የተሰጠውን ፈቃድ፥ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚያው በ2016 ሽቦውን የመቅበሩ አማራጭ በሚገባ አልተመረመረም ብሎ ሻረው። በኋላም መስመሩ የሚያቋርጠው የቮጋር አጥቢያ ምክር ቤት «ካልተቀበረ አንፈቅድም» ብሎ በ2021 ከለከለ፤ የይግባኙ ጉባኤ ግን ይህን ክልከላ ደግሞ ሽሮ ነገሩን ወደ ምክር ቤቱ መለሰው፤ ፈቃዱም የተሰጠው በ2023 ነው። እንግዲህ ፈቃጁም ከልካዩም በአንድ ጉባኤ ፊት ተመርምረዋል።

አገራችን ከዚህች ደሴት ጋራ የሚያገናኛት ክር አላት። በአሉቶ ላንጋኖ ከመሬት እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማውጣት የጀመርን ሲሆን፥ በሬይክያቪክ በ1978 በተቋቋመው የእንፋሎት ኃይል ማሠልጠኛ ከተማሩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ባለ ሙያዎቻችን ከዚያ የተማሩት ጕድጓድ መቈፈርንና እንፋሎት መለካትን ነው፤ የምክር ቤቱንም ሥርዐት ቢያጠኑት ባልከፋ ነበር። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ እንዲመክርበትና ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዝዛልና፥ መሠረቱ ከእኛም ዘንድ አለ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የቀበሌ ወይም የወረዳ ምክር ቤት አባል ቢኖር፥ ለፋብሪካ የሚዘረጋ መስመር በእርሻና በግጦሽ ላይ ሊያልፍ ነው የሚል ማመልከቻ ሲቀርብለት፥ እጁን ከማውጣቱ አስቀድሞ መስመሩ በሌላ በኩል ቢዞር ወይም ቢቀበር ዋጋው ስንት እንደሚሆን አመልካቹን በጽሑፍ ያስቀርበው፤ እሺም ይበል እምቢ፥ ምክንያቱን በቃለ ጉባኤው ላይ ያስፍር።