የመኪና ጎማ አያያዝና የጭነት ዋጋ

ዶዮገና ከሆሳዕና ወደ ወላይታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በከምባታ ደጋ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ያለው አገር በእንሰቱ፣ በስንዴው፣ በድንቹና በበጎቹ የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ምርት ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሶዶና ወደ አዲስ አበባ ገበያ የሚደርሰው በመኪና ነው። ለከተማይቱ ሱቆች የሚመጣው ስኳር፣ ዘይት፣ ጨርቃ ጨርቅና ቆርቆሮም እንዲሁ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ከዚህም የተነሣ በዶዮገና መደብር ውስጥ የሚሸጥ ማናቸውም ዕቃ የጎማን ወጪ በውስጡ ይዟል። ባለሱቁ ይህን ወጪ በደረሰኝ ላይ ተጽፎ አያየውም፤ ነገር ግን በጭነት ኪራይ ውስጥ ተደምሮ ይከፍለዋል፤ ከእርሱም የሚገዛው ሰው መልሶ ይከፍልለታል።

ይህ ወጪ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያሳስብ ሆኗል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በዶላር የሚገዛ ዕቃ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። በአዲስ አበባ በ1960ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመ የጎማ ፋብሪካ ቢኖርም፣ ከባሕር ማዶ የሚገባው ጎማ ብዙ ነው። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ደግሞ ባለመኪናው በእጁ ያለውን ጠብቆ እንዲይዝ የሚያስገድድ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አውቶሞቢልም ቢሆን ከጎማ ወጪ ነጻ አያወጣም፤ ባትሪው ክብደት ስለሚጨምርበትና ሞተሩ ገና ሲነሣ ብርቱ ጉልበት ስለሚሰጥ ጎማውን ፈጥኖ ይጨርሳል።

ብዙ ሰው ጭነቱን የሚሸከመው ጎማው ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የሚሸከመው በውስጡ የታመቀው ንፋስ ነው፤ ጎማው የንፋሱ ማኅደር ነው ማለት ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ጆን ቦይድ ደንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በንፋስ ለሚሞላው ጎማ የባለቤትነት መብት ባስመዘገበ ጊዜ ያስገኘው ጥቅም ይኸው ነበር። እንግዲህ ንፋሱ ከጐደለ ጭነቱ ወደ ጎማው ጎን ይዛወራል፤ ጎኑ ግን ለዚህ አልተሠራም።

ንፋስ የጐደለው ጎማ በተሽከረከረ ቍጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። አንድ የሽቦ ቁራጭ በእጅ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚግል ሁሉ፣ ጎማውም በመተጣጠፍ ብዛት ይግላል። ሙቀቱ ውስጡን ያላላዋል፤ ክሩንና ጎማውን ያያያዘው ማጣበቂያ ኀይሉ ይደክማል፤ በመጨረሻም ጎማው በሩጫ ላይ እያለ ይፈነዳል። ሾፌሩ ምክንያቱን ከመንገዱ ድንጋይ ወይም ከፀሐዩ ትኵሳት ይቈጥረዋል፤ ጉዳቱ ግን አስቀድሞ ለብዙ ቀን ሲጠራቀም የቈየ ነው። ፍንዳታው በፊት እግር ላይ የደረሰ እንደ ሆነ መሪው ወደዚያው ይስባል፤ መኪናው ከነጭነቱ ከመንገድ ሊወጣ ይችላል። በጭነት ላይ የተቀመጡ ሰዎች ካሉ ደግሞ አደጋው የንብረት ብቻ አይሆንም።

ከንፋስ መጉደል ቀጥሎ ያለው ጠላት ከመጠን በላይ መጫን ሲሆን፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ጉዳት ያደርሳሉ። የድንች መከር በደረሰ ጊዜ የመኪና ኪራይ ስለሚወደድ፣ ነጋዴው በአንድ ጉዞ የቻለውን ያህል ጆንያ በአይሱዙው ላይ ማስጫን ይሻል። ዝናብ የመታው ጆንያና አፈር ያልረገፈለት ድንች ከታሰበው በላይ እንደሚመዝን ግን አይታሰብም። ትርፍ ጆንያው ያስገኘው ገንዘብ ወዲያው ሲታይ፣ ያሳጠረው የጎማ ዕድሜ ከወራት በኋላ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለቱን ሒሳብ አገናኝቶ የሚያሰላ ሰው ጥቂት ነው።

በኋላ እግር ጥንድ ሆነው የሚሠሩት ጎማዎች ልዩ ጥንቃቄ ያሻቸዋል። ከሁለቱ የአንደኛው ንፋስ ቢጐድል መኪናው ዘንበል ስለማይል ሾፌሩ ሳያውቀው ሌላኛው የሁለቱን ሸክም ብቻውን ይይዛል፤ በተለይ የውስጠኛው ከዓይን ስለሚሰወር ለወራት ሳይለካ የሚቈይበት ጊዜ አለ። አዲስና ያለቀ ጎማ ማጣመርም ጎጂ ነው፤ ቁመቱ ከፍ ያለው አብዛኛውን ክብደት ሲወስድ፣ ያነሰው በመሬት ላይ እየተጐተተ ይበላል። በሁለቱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይም ሳይወገድ ከታለፈ የሁለቱንም ጎን ይቈርጣል።

ንፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ማለትም ጧት መኪናው ሳይነሣ ወይም ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ነው። መጠኑም በሾፌሩ በር አጠገብ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ የተጻፈው ነው። በጎማው ጎን ላይ የታተመውን ከፍተኛ መጠን እንደ ትእዛዝ አድርጎ መሙላት ስሕተት ነው። በእግር ረግጦ ወይም በመዶሻ መትቶ መገመትም ለፈጽሞ ባዶ ጎማ ካልሆነ በቀር አያገለግልም፤ ከሚገባው ሩብ ያህል የጐደለ ጎማ በረገጡት ጊዜ እንደ ሙሉው ጠንካራ መስሎ ይታያል። የንፋስ መለኪያ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በዚህ ረገድ ከጂቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ። ከዶዮገና ደጋ በጧት ብርድ ንፋሱ የተለካ ጎማ ወደ ባሕር ጠረፍ ሲወርድ ሁለት ነገር ይደርስበታል። በአንድ ወገን በዝቅተኛው አገር የከባቢው አየር ግፊት ከፍ ስለሚል፣ የመለኪያው ንባብ ሩብ ባር ለሚያህል ይቀንሳል። በሌላ ወገን የአገሩ ሙቀት የጎማውን ንፋስ ያሰፋዋል፤ በትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ይህ ጭማሪ ያንኑ ቅናሽ ያህላል፣ ብዙ ንፋስ በሚይዘው የጭነት መኪና ጎማ ግን ይበልጠዋል። በዚህም ላይ የጉዞው ግለት ሲጨመር መለኪያው ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ያየ ሾፌር በአፋር በረሃ ቆሞ ንፋስ ያስተነፍሳል። ይህ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ ይህን ጭማሪ አስቀድሞ አስቦበታል፤ ንፋሱ የተቀነሰለት ጎማ ይበልጥ ይታጠፋል፣ ይበልጥም ይግላል፣ ወደ ደጋው ተመልሶ ሲቀዘቅዝም ከሚገባው በታች ይሆናል። የጋለ ጎማ በጥላ አርፎ ይቀዘቅዛል እንጂ አይተነፍስም።

ከመጠን ያለፈ ንፋስም የራሱ ጉዳት አለው፤ መካከሉ ብቻ መሬት ስለሚነካ ጥርሱ ከመካከል ያልቃል፣ በጥርጊያ መንገድም በድንጋይ በቀላሉ ይቈረጣል። ዳርና ዳሩ ያለቀ ጎማ የንፋስ መጉደል ምስክር ሲሆን፣ አንድ ጎኑ ብቻ ያለቀ እንደ ሆነ እግሮቹ መስመራቸውን መሳታቸውን ያመለክታል። ጎማዎቹን በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አካባቢ ቦታ ማቀያየር እኩል እንዲያልቁ ያደርጋል፤ የስኮርታውን ጎማ ንፋስ መለካትም መረሳት የለበትም።

በከምባታ ክረምት የረጠበ መንገድ የሚፈራ ነው። የጎማ ጥርስ የተሠራው ለጌጥ አይደለም፤ ውሃውን ከሥሩ ገፍቶ የሚያስወጣ ቦይ ነው። በቦዮቹ ውስጥ በየቦታው የተቀመጡ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ በአውቶሞቢል ጎማ ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ጥርሱ አልቆ ከእነርሱ ጋር እኩል የሆነ ጎማ ዘመኑን ጨርሷል። ሊሾ የሆነ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ደኅና የሚሄድ መስሎ ይታያል፤ ዝናብ የጣለ ዕለት ግን ፍሬኑ ቢያዝም መኪናው አይቆምም።

እስካሁን የተባለው የባለመኪናውን የሚመለከት ሲሆን፣ ጎማ አስመጪውና ባለሱቁም የድርሻቸውን ይይዛሉ፤ ጎማ በመጋዘን ተቀምጦም ያረጃልና። የፀሐይ ብርሃን፣ ዘይትና ነዳጅ፣ እንዲሁም ከብየዳና ከኤሌክትሪክ ሞተር የሚወጣው ኦዞን የተባለ ጋዝ ጎማውን ያደርቁታል፣ ያሰነጥቁታል። ለማስታወቂያ ሲባል ከሱቁ ደጅ በፀሐይ ተከምሮ የሚውል ጎማ ሳይሸጥ ዕድሜው ይቀነሳል። ጨለማ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ውስጥ በመደርደሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ በመጀመሪያ የገባውም በመጀመሪያ ቢሸጥ መልካም ነው።

የተሠራበት ጊዜ በጎኑ ላይ ተጽፎአል። ዶት ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ በሚገኘው ምልክት መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጆቹን ዓመት ያመለክታሉ። 3522 የሚል ጎማ በ2022 በ35ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተሠራ ነው። ጥርሱ ባያልቅ እንኳ ከ10 ዓመት በላይ እንዳይሠራበት የሚመክሩ ፋብሪካዎች አሉ። ስለዚህ አስመጪው ዕቃውን ሲረከብ ይህን ቍጥር መመርመር ይገባዋል፤ በዋጋ ቅናሽ የቀረበ ጎማ ቅናሹ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ሌላውም ጽሑፍ እንዲሁ ለገዢው ይነገረው። 185/65 አር 14፣ 86 ቲ የሚል ጎማ ወርዱ 185 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ቁመት የወርዱ 65 በመቶ፣ አሠራሩ ራዲያል፣ የቸርኬው ስፋት 14 ኢንች ነው። 86 የሚለው ቍጥር አንዱ ጎማ 530 ኪሎ ግራም ለመሸከም መቻሉን፣ ቲ የሚለው ፊደል በሰዓት እስከ 190 ኪሎ ሜትር መፈቀዱን ያስረዳል። ከመኪናው መመሪያ ያነሰ የሸክም ቍጥር ያለውን ጎማ መሸጥ ለደንበኛው አለማሰብ ነው።

ጥርሱ መካከል ላይ ሚስማር የወጋው ጎማ ከቸርኬው ወጥቶ ከውስጥ ከተለጠፈ ደኅና ያገለግላል፤ ሳይወልቁ ከውጭ የሚወትፉት ክር ግን እስከሚቀጥለው ጎሚስታ ለመድረሻ ያህል ነው። የጎኑ ቁስል አይጠገንም። በካላማዳሪያ ለሚሠራ አዲስ ጎማ አዲስ ካላማዳሪያ ይገባለታል፤ የለጠጠው አሮጌ በውስጡ ይታጠፍና በእጥፋቱ ይቀደዳል። በጋለ ብረት ጥርስ የተቀረጸለት ያለቀ ጎማ የቀረበለት ነጋዴ የቦዩን ወለል ቢመለከት ይለየዋል፤ የተቀረጸው ቦይ ወጣ ገባ የበዛበት ሲሆን ጉብታዎቹም አይገኙበትም። እንዲህ ያለው ጎማ ለፈረስ ጋሪ ይሆናል፤ በዝግታ ይሄዳል፣ ሸክሙም ቀላል ነው። ከዚያም ያለፈው በርባሶ ይሠራበታል፣ ለጭነት ማሰሪያም ይተለተላል።