የንግድ ቤት ሰርቨሮችን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ስለ ማዛወር

በከተማችን በሚገኝ መካከለኛ የንግድ ቤት ውስጥ ገብቶ ከሒሳብ ክፍሉ አጠገብ ያለችውን ጠባብ ክፍል የተመለከተ ሰው፥ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ሰርቨሮች ከጠረጴዛ ሥር ተደርድረው ሲያጉረመርሙ ያገኛል። አንደኛው የፒችትሪን የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፤ ሁለተኛው የሠራተኞችን የይለፍ ቃልና የጋራ ሰነዶችን ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ የመጋዘኑን ገቢና ወጪ ይመዘግባል። እያንዳንዱ በየራሱ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፥ በየራሱ ይሞቃል፥ በየራሱም ያረጃል፤ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው ግን ሥራ ፈቶ ነው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ ሦስቱንም በየጊዜው መተካት ቀላል ወጪ አይደለም።

ስለዚህ ለነጋዴው ደጋግሞ የሚሰጠው ምክር፥ ሦስቱን ወደ ቨርቹዋል ማሽን አዛውሮ በአንድ ብርቱ ሰርቨር ላይ ማኖር ነው። ምክሩ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ አስቀድሞ ሳይመረምር የተነሣ ነጋዴ፥ ሦስት ትንንሽ ሥጋቶችን ሸጦ አንድ ትልቅ ሥጋት እንደ ገዛ ይቈጠራል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፥ አንድ ሰርቨር ለአንድ ሥራ ብቻ መመደብ አንድ ሰፊ ፎቅ ቤት ለአንድ ተከራይ እንደ መስጠት ነው። ሃይፐርቫይዘር የሚባለው ፕሮግራም የሰርቨሩን ፕሮሰሰር፥ ራምና ዲስክ ከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች ያድላል። በየክፍሉ ያለው ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ ራሱን በቻለ ኮምፒዩተር ላይ ያለ መስሎት ይሠራል፤ የየራሱ በርና ቁልፍም አለው፤ መሠረቱና ጣሪያው ግን የሁሉም አንድ ነው። አሳቡ አዲስ አይደለም። አይ ቢ ኤም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960ዎቹ በትልልቅ ኮምፒዩተሮቹ ላይ ከሞከረው በኋላ በ1972 ለደንበኞቹ አቅርቦታል፤ ቪኤምዌር ደግሞ በ1999 በተራው የግል ኮምፒዩተር ላይ እንዲሠራ አድርጎ ሸጦታል።

የሃይፐርቫይዘሩ ምርጫ የዋጋም ጉዳይ ነው። ቪኤምዌርን ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ከገዛው በኋላ፥ አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለው ፈቃድ መሸጡ ቀርቶ በየዘመኑ የሚታደስ ክፍያ ተተክቷል። በዚህም ምክንያት ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ከዊንዶውስ ሰርቨር ጋር ወደሚገኘው ሃይፐር ቪ፥ ወይም የፈቃድ ክፍያ ወደማይጠይቀው ፕሮክስሞክስ ፊታቸውን መልሰዋል። የዊንዶውስም ፈቃድ ቢሆን በጥንቃቄ ይነበብ። የሰርቨሩ ኮሮች በሙሉ ፈቃድ ሲገዛላቸው ስታንዳርድ የሚባለው ዓይነት 2 ቨርቹዋል ማሽኖችን ይሸፍናል እንጂ ሦስተኛውን አይሸፍንም፤ ከአሮጌው ሰርቨር ጋር አብሮ የተሸጠው ፈቃድም ከዚያው ዕቃ ጋር የታሰረ ስለ ሆነ በአዲሱ ላይ እንዲሠራበት አይፈቀድም። ሻጮች ይህን በመጀመሪያው ቀን የሚናገሩት እምብዛም አይደለም።

ወደ ማዛወሩ ሥራ ስንመጣ፥ ትልቁ ጥያቄ የጊዜ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስዊች አሮጌ ሆኖ በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ፥ 1 ቴራባይት መረጃ ለመቅዳት ምንም መሰናክል ባይገጥም እንኳ 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል። በ1 ጊጋቢት ስዊች ግን ከ2 ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 2 ቴራባይት መቅዳት የጀመረ ባለሙያ፥ በአሮጌው ስዊች ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል፤ በዚያን ጊዜ የሒሳብ ሠራተኞቹ ሥራ ፈተው ደንበኛውም ደረሰኝ እየጠበቀ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ስዊቹን መለወጥ፥ ሰኔና ሐምሌንም መተው ይገባል፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን በሚዘጋበት ሰሞን የሒሳብ መዝገብ ከቦታው አይነቃነቅም።

ሦስቱ ሰርቨሮች በአንድ ዓይነት መንገድ የሚዛወሩ አይደሉም። ሰነዶቹን አዲስ ቨርቹዋል ማሽን አቋቁሞ ወደዚያ መቅዳት ይበቃል። የሒሳቡ ሰርቨር እንዳለ የሚቀዳ ከሆነ፥ አስቀድሞ ሠራተኞች በሙሉ ከፒችትሪ ይውጡ፤ የመረጃ ቋቱም አገልግሎት ይቁም። በመጻፍ ላይ ሳለ የተቀዳ መዝገብ ሲከፈት ደኅና መስሎ ይታያል፤ ጉድለቱ የሚታወቀው በወሩ መጨረሻ ሚዛን ሲወጣ ነው። የይለፍ ቃሎቹን የሚጠብቀውን ዶሜን ኮንትሮለር ግን እንዳለ መቅዳት አይመከርም። በአዲሱ ሰርቨር ላይ ሌላ ዶሜን ኮንትሮለር አቋቁሞ፥ ከነባሩ ጋር መግባባቱን አረጋግጦ፥ ኀላፊነቱን ካስረከቡ በኋላ ነባሩን በሥርዓት ማሰናበት ይሻላል። ቅጂውና ዋናው በአንድነት ከተነሡ ማን እውነተኛው እንደ ሆነ መለየት ያዳግታል፤ ሠራተኛውም ጠዋት መጥቶ በሩ ተዘግቶበት ይቆማል። በዩኤስቢ የሚሰካ የፈቃድ ቁልፍ ያለው ፕሮግራም ካለ ደግሞ፥ ቁልፉ በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ መታየቱ ከዝውውሩ በፊት ይሞከር፤ ሃይፐር ቪ እንዲህ ያለውን ቁልፍ በቀጥታ አያሳልፍም።

አሁን ወደ ሥጋቱ እንመለስ። ቀድሞ አንድ ሰርቨር ሲበላሽ መጋዘኑ ቢቆም ሒሳቡ ይሠራ ነበር፤ አሁን ግን የአንዱ ሰርቨር መቃጠል ቤቱን በሙሉ ያቆማል። በአስተያየታችን፥ ሦስት ሰርቨር ባለመግዛት የተረፈው ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ተብሎ ወደ ካዝና መግባት የለበትም። ከፊሉ ለሁለተኛ አነስተኛ ሰርቨር፥ ከፊሉ መብራት ሲጠፋ ቨርቹዋል ማሽኖቹን በየተራ ለሚያዘጋ ዩፒኤስ፥ ከፊሉም ከሕንፃው ውጭ ለሚቀመጥ የመጠባበቂያ ቅጂ ይዋል። ስናፕሾት የሚባለው በዚያው ዲስክ ላይ ስለሚኖር ዲስኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መጠባበቂያ ሊባል አይችልም። የቨርቹዋል ማሽን ትልቁ ጥቅም የሚታየውም እዚህ ላይ ነው፤ ማሽኑ በሙሉ ፋይል ስለ ሆነ፥ ቅጂውን በሁለተኛው ሰርቨር ላይ አስነሥቶ መፈተን ይቻላል። ባለቤቱ ራሱ ባለበት ዋናው ጠፍቶ ቅጂው ይነሣ፤ ስንት ሰዓት እንደ ፈጀም ይጻፍ። ባለሙያው ይህን ለማሳየት የሚያመነታ ከሆነ፥ የመጨረሻው ክፍያ ይቆየው።

አሮጌዎቹ ሰርቨሮች ዝውውሩ እንዳለቀ መሸጥ የለባቸውም። ከመስመር ተነቅለው፥ «እንዳይከፈት» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው፥ ቢያንስ አንድ የወር ሒሳብ ተዘግቶ ትክክል መሆኑ እስኪታይ ድረስ ይቀመጡ። ከዚያም በኋላ ሲሸጡ ዲስኮቻቸው አስቀድመው ይውጡ።