የሐዋሳ ሐይቅ በጥቁርና ነጭ፦ ከካሜራ እስከ ወረቀት

ከታቦር ተራራ ላይ ሐይቁን ያነሳችሁ ብዙ ናችሁ። ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ስትቀይሩት ግን ሰማዩ፣ ውኃውና ዛፉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ ይላሉ። ሰማያዊና አረንጓዴ በቀለም ቢለያዩም በብርሃን መጠን ስለሚቀራረቡ ነው።

ስለዚህ ቀለሙን በአንድ ጊዜ አታጥፉት። በሮው (RAW) ፎርማት አንሱና በፎቶ ማረሚያው ላይትሩም የጥቁርና ነጭ ማስተካከያ ሰማያዊውን ዝቅ፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን ከፍ አድርጉ። ሰማዩ ይጠቁራል፣ ደመናው ጎልቶ ይወጣል፣ የሾላው ቅጠል ከውኃው ይለያል። በፊልም ዘመን ይህን የሚሠራው ሌንስ ላይ የሚገጠም ቢጫ ወይም ቀይ ማጣሪያ ነበር። ሰማያዊውን አብዝታችሁ ካወረዳችሁት ግን ሰማዩ በነጠብጣብ ይሞላል።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ፣ አባ ኮዳ የተባለውን ወፍ ስታነሱ ነጩን ሆዱን ጠብቁ። ብርሃን በዝቶበት ከጠፋ ላባው አይመለስም፤ ወረቀቱ ላይ ኢንክ ያልነካው ባዶ ቦታ ይሆናል።

ብዙ ጥሩ ፎቶ የሚበላሸው ኅትመት ላይ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስክሪን ከኋላው ስለሚበራ ፎቶው ከወረቀቱ ይልቅ ደምቆ ይታያል፤ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሳችሁ አርሙ። ለኤ3 በ300 ዲፒአይ 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል። ግራጫን ከባለቀለም ኢንክ ብቻ ቀላቅሎ የሚያወጣ ፕሪንተር ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ሊያደላ ይችላል፤ ራሱን የቻለ ግራጫ ኢንክ ያለውን ጠይቁ። ለጠዋት ጭጋግ እኔ ማት ወረቀት እመርጣለሁ፤ ጥቁሩ እንደ አብረቅራቂው ባይጠልቅም ግራጫው ይለሰልሳል። መጀመሪያ ትንሽ ቁራጭ አሳትሙና ከሱቁ መብራት አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት።