በአሳንሰር ውስጥ የሞተው ክልስ

እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕይታ የበቃው የጁንያ ሳቶ ፊልም «ኒንገን ኖ ሾሜይ»፣ ትርጉሙም «ሰው የመሆን ማስረጃ»፣ በሴይቺ ሞሪሙራ ልብ ወለድ ላይ የተመሠረተ ልብ አንጠልጣይ የወንጀል ታሪክ ሲሆን፣ በጃፓን ሲኒማ የጥቁር አሜሪካዊና የጃፓናዊት ክልስ ጉዳይ የታሪኩ እምብርት ከሆነባቸው ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው። ጆኒ ሄይዋርድ የተባለው ወጣት ከኒውዮርክ ተነሥቶ ቶኪዮ ከገባ በኋላ ደረቱን በቢላ ተወግቶ በአንድ ረጅም ሆቴል አሳንሰር ውስጥ ይሞታል። ወደ ሆቴሉ ያደረሰው የታክሲ ሹፌር ከአንደበቱ የሰማው «ሱቶሃ» የሚል ድምፅ ብቻ በመሆኑ፣ ይህ ድምፅ በእንግሊዝኛ የገለባ ባርኔጣ ማለት የሆነው «ስትሮ ሃት» በጃፓናዊ ጆሮ ተሸራርፎ የተሰማ መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

የወንጀሉ ሥር ያለው ከ1945 እስከ 1952 የአሜሪካ ጦር ጃፓንን ይዞ በቆየበት ዘመን ነው። በዚያ ወቅት ከአሜሪካ ወታደሮችና ከጃፓናውያን ሴቶች የተወለዱት ልጆች «ኮንኬትሱጂ»፣ ማለትም ደመ ቅልቅል፣ ይባሉ ነበር፤ «አይኖኮ» የሚለው መጠሪያ ደግሞ ግልጽ ስድብ ነበር። ብዙዎቹ ተጥለው ስለ ነበር ሚኪ ሳዋዳ የተባለች ሴት በ1948 በኦይሶ ከተማ ለእነርሱ ማሳደጊያ ከፍታለች። በፊልሙ ውስጥ የጆኒ አባት ለልጁ የጉዞ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ሆን ብሎ በባለጠጋ መኪና ይገጫል፤ ልጁ ሊያገኛት የተጓዘላት እናት ግን ዝነኛ የፋሽን ዲዛይነር ሆናለችና፣ ያለፈ ሕይወቷ እንዳይገለጥባት ፈርታ የገዛ ልጇን ትወጋለች።

ፊልሙ ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ ብቻ አለመጫኑ ትልቁ ብርታቱ ነው። ዩሳኩ ማትሱዳ የሚጫወተው ጃፓናዊ መርማሪ በልጅነቱ አባቱ በአሜሪካ ወታደሮች ሲደበደብ ያየ ሰው ሲሆን፣ ጆርጅ ኬኔዲ የሚጫወተው የኒውዮርክ ባልደረባው ከደብዳቢዎቹ አንዱ ነበር፤ ስለዚህ የክልሱን ገዳይ የሚፈልጉት ሁለቱ ሰዎች ራሳቸው ያ ዘመን ያቆሰላቸውና ያቆሸሻቸው ናቸው። ይሁን እንጂ እውነተኛ ጉድለት አለበት፤ ጆኒ ገና በጅምሩ ስለሚሞት የራሱን ሐሳብ በራሱ አንደበት የሚናገርበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፣ ኀዘኑም ቁጣውም ኀፍረቱም የሌሎች ሆኖ ይቀራል። አንድን ወገን በሬሳው ብቻ ማሳየት ውክልና፣ ማለትም በኪነ ጥበብ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆኖ የመታየት መብት፣ ሊባል አይችልም።

ስክሪፕቱ የነፈገውን የሰጠው ተዋናዩ ነው። ጆኒን የሚጫወተው ጆ ያማናካ በ1946 ዮኮሃማ ውስጥ ከጃፓናዊት እናትና ከጥቁር ወታደር የተወለደ፣ ቀደም ሲል የ«ፍላወር ትራቭሊን ባንድ» ድምፃዊ የነበረ ሰው ሲሆን፣ የፊልሙን መሪ ዘፈን የዘፈነውም እርሱ ነው። በያሶ ሳይጆ ግጥም ላይ የተመሠረተው ይህ ዘፈን፣ ልጅ እናቱን ድሮ የሰጠችው የገለባ ባርኔጣ ወዴት እንደ ደረሰ የሚጠይቅበት ሲሆን፣ የተዘፈነውም በእንግሊዝኛ ነው፤ በታክሲው ውስጥ ተቆራርጦ «ሱቶሃ» የሆነው ቃልም እዚያ፣ በጆኒ ድምፅ፣ ሳይሸራረፍ ይሰማል።