ጠበሉና መድኃኒቱ

ከተራ የጥምቀት ዋዜማ ነው። ታቦታቱ በካህናትና በምእመናን ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ በማግስቱም ጥር 11 ቀን ውኃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። ሊረጭ ከሚሰበሰበው ምእመን መካከል ሕመሙን በልቡ ሸሽጎ ፈውስን ከፈጣሪው የሚማጸን አይታጣም።

ቤተ ክርስቲያን ለሕዝብ የምትሰጠው ማኅበራዊ አገልግሎት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታወሰው በድርቅ ዘመን የታደለው እህል፣ የተቆፈረው የውኃ ጉድጓድ፣ የተሠራው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን በዚህ ረገድ ያከናወነው ተግባር የሚታወቅ ነው። ይሁን እንጂ በጀት የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ሕይወት የሚታደግ ሌላም አገልግሎት አለ፤ ይኸውም የንስሐ አባት ቃል ነው።

የኤች አይ ቪ ሥርጭት በከፋበት ዘመን ብዙ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ወጥተው፣ በጠበሉ አካባቢ ቤት ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። ያን ጊዜ ለአብዛኛው ድኻ ሌላ መጠጊያ አልነበረውም። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መታደል ሲጀምር ግን አዲስ ጥያቄ ተከተለ። ክኒን መዋጥ እምነትን ማጉደል የመሰላቸው ወገኖች መድኃኒቱን አቋርጠው በጠበሉ ብቻ ጸኑ፤ ከእነርሱም መካከል ሕይወታቸውን ያጡ አሉ።

በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ አንዱም ከሌላው እንደማይቃረን በይፋ አስታወቁ። ትምህርቱ ከመጽሐፍ የወጣ ነው። ንጉሥ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ እያለቀሰ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማለት። ሆኖም ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና እንድናከብረው ያስተምራል።

መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይራባ ይገታዋል እንጂ ከሰውነት ጨርሶ አያጠፋውም። በመሆኑም ታማሚው ደኅና ቢሆንም እንኳ ሳያቋርጥ ሊወስደው ይገባል። ያቋረጠ እንደሆነ ቫይረሱ ዳግም ይራባል፤ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። በአግባቡ የወሰደና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ የወረደለት ሰው ግን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ጠበሉን በባዶ ሆድ መጠጣት የሚሹም የክኒኑን ሰዓት ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ማመቻቸት ይችላሉ።

ሐኪሙ ታማሚውን የሚያየው በቀጠሮ ቀን ብቻ ነው። የንስሐ አባት ግን ደጁን ያውቃል፤ ምሥጢሩንም ይጠብቃል። «ልጄ፣ መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ» ያለ ካህን፣ የሐኪም ምክር ያልደረሰበት ልብ ውስጥ ይደርሳል። ቤተሰብም እንዲሁ ታማሚውን ወደ ጠበል ሲያደርስ ክኒኑንም አብሮ ይያዝለት።