አስፋልቱስ ደረሰ፤ በሩስ?

(ከሬኒየር ቢች፣ ሲያትል)

በአገራችን መንገድ በተመረቀ ቁጥር ሪባን ይቆረጣል፣ ባለሥልጣን ንግግር ያደርጋል፣ ኪሎ ሜትሩ በቴሌቪዥን ይቆጠራል። ኢሕአዴግ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አስፋልት ሲቆጥርልን ኖረ፤ የተተካውም መንግሥት ቆጠራውን ቀጠለበት። መንገድ ሲሠራ የሚከፋው የለም፤ እኔም አይከፋኝም። ሁለት አገሮችን ስለሚያገናኝ መንገድ ሲነሣ ግን ከኪሎ ሜትሩ በፊት መጠየቅ ያለብን ጥያቄ አለ፦ መንገዱ ድንበር ሲደርስ ሰውና ዕቃ የሚያልፉት በምን ሕግ ነው?

ነገሩን ለማስረዳት ከምኖርበት ልጀምር። ሬኒየር ቢች ከሲያትል በስተደቡብ ጫፍ ያለ፣ ኢትዮጵያዊውም ኤርትራዊውም ጎን ለጎን የሚኖርበት ሰፈር ነው። ከሰፈራችን ወጣ ሲሉ አይ-ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ይገኛል። ከሜክሲኮ ድንበር ተነሥቶ ወደ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ብሌን በምትባል ከተማ የካናዳ ድንበር ላይ ያበቃል። ያው ጎዳና ድንበሩን ሲሻገር ቁጥር 99 ተብሎ ወደ ቫንኩቨር ይቀጥላል።

በሁለቱ መንገዶች መገናኛ ላይ እ.ኤ.አ. በ1921 የተመረቀ የሰላም ቅስት ቆሟል። አሜሪካና እንግሊዝ ያደረጉትን ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1814 ያቆመውን ስምምነት ለማሰብ የተሠራ ነው፤ ካናዳ ያኔ በእንግሊዝ ሥር ነበረች። በሮቹ ከቶ እንዳይዘጉ የሚመኝ ጽሑፍም ተቀርጾበታል። በዚህ አካባቢ ወሰኑ በስምምነት የተቆረጠው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ወሰን፣ ቀጥሎ ሕግ፣ በመጨረሻ አውራ ጎዳና።

ያ በር ተዘግቶ አያውቅም ማለቴ አይደለም። በኮሮና ምክንያት እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 ጀምሮ ለተራ መንገደኛ ተዘግቶ ነበር። የዘጉት ግን ሁለቱ መንግሥታት ተነጋግረው፣ ምክንያቱን ለሕዝብ ተናግረው ነው፤ የጭነት መኪናዎችም ማለፋቸውን አላቋረጡም። ካናዳ በኦገስት 2021፣ አሜሪካ በኖቬምበር 2021 ለተከተቡ መንገደኞች ሲከፍቱ ቀኑን አስቀድመው አሳወቁ። እንግዲህ ሕግ ያለው በር ሲዘጋም በሕግ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ወደ ደቡብ ከሞጆ እስከ ሐዋሳ 202 ኪሎ ሜትር እንዲረዝም የታቀደው ፈጣን መንገድ በአራት ክፍል ተከፍሎ የተጀመረ ሲሆን፣ ከሐዋሳ ወዲያ ያለው አስፋልት በሐገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል። ከዚያ በኬንያ በኩል በማርሳቢትና በኢሲዮሎ ወደ ናይሮቢ፣ ከናይሮቢም እስከ ሞምባሳ ወደብ ይቀጥላል። አብዛኛው ገንዘብ ከአፍሪካ ልማት ባንክና ከሌሎች የተገኘ ብድር ነው። ከፋዩ ሕዝብ ነውና መንገዱ ምን እንደሚያስገኝለት የመጠየቅ መብት አለው።

ሞያሌ ላይ ሾፌሩ መንገድ ይቀይራል፤ እኛ በቀኝ፣ ኬንያውያን በግራ ስለምንነዳ። ከዚህ የሚከብደው ግን ወረቀቱ ነው። ቀድሞ አንድ የጭነት መኪና ከኢትዮጵያ ሲወጣ አንድ ጊዜ፣ ኬንያ ሲገባ ሌላ ጊዜ ይቆም ነበር። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ዐቢይ አሕመድና ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የጋራ ኬላ አሠራሩ ሌላ ነው። የሁለቱም አገር ሠራተኞች በመግቢያው በኩል ባለው አንድ ሕንፃ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ መንገደኛው አንድ ጊዜ ብቻ ቆሞ የመውጫውንም የመግቢያውንም ጉዳይ ይጨርሳል። ይህ ሊታሰብ የቻለው ከኬንያ ጋር ወሰናችን እ.ኤ.አ. በ1970 በውል ስለተፈረመና ዜጎቻችን ያለ ቪዛ መግባት መውጣት ስለሚችሉ ነው።

በሰሜን የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ከአዲግራት በዛላምበሳ ወደ ሰንዓፌና አስመራ፣ በቡሬ በኩል ደግሞ ወደ አሰብ የሚወስዱት መንገዶች የኖሩ ናቸው። ከግንቦት 1990 ዓ.ም. በፊት ገቢና ወጪ ንግዳችን በአብዛኛው በአሰብ በኩል ነበር። ጦርነቱ በሩን ዘጋ፤ ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው ዕቃችንም በጅቡቲ ላይ ወደቀ። የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 ዓ.ም. የሰጠው ውሳኔ ሳይፈጸም ዓመታት አለፉ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ። በዛላምበሳ ሰው ከሃያ ዓመት በኋላ ዘመዱን አቅፎ ሲያለቅስ እኛም እዚህ በየቤታችን አብረን አለቀስን። ነገር ግን የጉምሩኩ፣ የምንዛሪውና የይለፍ ወረቀቱ ደንብ የት ነበር? ሕዝብ ያየው የለም። ወራት ሳይቆይ በኤርትራ በኩል ኬላዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ሁሉም ተዘግተው ነበር። ለነጋዴውም ለቤተሰቡም ምክንያቱን የነገረው አልነበረም። አስፋልቱ እዚያው ነበር፤ ያልነበረው ሕጉ ነው። በሁለት መሪዎች መተቃቀፍ የተከፈተ በር፣ መተቃቀፉ ሲያበቃ ይዘጋል።

ከዚያ የመጣውን ጦርነት ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛላምበሳም ፈረሰች። በሰኔ 2017 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን ነዋሪዎች በሽማግሌዎችና በሃይማኖት አባቶች አማካይነት እንደገና ተገናኙ። መንግሥታት ያልጻፉትን ውል ሕዝቡ በራሱ ወግ ጀመረው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው አባባል ለእነሱ ተረት አይደለም፤ ኑሮ ነው።

ይህን የማነሣው ከጥቅምት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ቀይ ባሕር በአደባባይ መናገር ከጀመሩ በኋላ የአሰብ መንገድ እንደገና የጦርነት ወሬ ማድመቂያ ስለሆነ ነው። ወደብ ለአገራችን ያስፈልጋል፤ በዚህ አልከራከርም። ታንክ የከፈተውን መንገድ ግን ነጋዴ አይሄድበትም። በሁለቱም ወገን የሚያልቀውም የድሃ ልጅ ነው።

ስለዚህ ወደፊት የድንበር መንገድ ሲመረቅልን ሦስት ነገር እንጠይቅ። ወሰኑ በምድር ላይ ተካልሏል ወይ? የንግድና የመተላለፊያ ስምምነቱ በምክር ቤት ጸድቆ ለሕዝብ ታትሟል ወይ? በሩን መዝጋት ካስፈለገ የሚዘጋው ማን ነው፣ ስንት ቀንስ አስቀድሞ ያሳውቃል? መልስ ከሌለ ሪባኑን መቁረጥ ይቆይ።

ቸር ይግጠመን።