ስንት ዲግሪ ይጻፍ? የትኛውስ ይቅር?

የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዞ ሥራ የጀመረ፣ በማታው ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪውን የጨመረ፣ ቅዳሜና እሑድ ተምሮ በቢዝነስ አስተዳደር ማስተርሱን የጨረሰ ባለሙያ ዛሬ በከተማችን ብርቅ አይደለም። ከዚህም አልፎ በርቀት ትምህርት ሌላ የመጀመሪያ ዲግሪ የደረበ አለ። እንዲህ ያለው ሰው ሲቪውን ሲያዘጋጅ ያለውን ሁሉ ይዘርዝር ወይስ ይምረጥ? ጥያቄው የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ቢመስልም መጨረሻው እንጀራ ነው።

ነገሩን በገበያ ዓይን ማየት ይጠቅማል። በሥራ ገበያ ሻጩ አመልካቹ፣ ገዢው ደግሞ ቀጣሪው ነው። ገዢው የሚገዛውን ሳይሞክር ይዋዋላል። የኢኮኖሚ ምሁሩ ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ዲግሪ ቀጣሪው በዓይኑ ሊያየው ያልቻለውን ችሎታ የሚጠቁም ምልክት ነው። ምልክቱ ዋጋ የሚኖረውም ችሎታ የሌለው ሰው በቀላሉ የማያገኘው ሲሆን ነው። ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ከጆርጅ አከርሎፍና ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። ቀጣሪው የሚፈልገው ምልክት ከላይ ይቀመጥ፤ ሌላው ከሥር ይከተል። የኦዲተር ሥራ የሚጠይቅ ሰው የአካውንቲንግ ዲግሪውን ከሶሲዮሎጂ ዲግሪው በታች ቢጽፍ፣ ማመልከቻዎችን የሚያጣራው ሠራተኛ እስከ ታች ድረስ ላያነብለት ይችላል።

ያረጀ ዲፕሎማ ይጣል?

ዲግሪ የያዙ ብዙዎች የቀድሞ ዲፕሎማቸውን ከሲቪው ያወጣሉ። ይህ ሁልጊዜ ብልህነት አይደለም። በርካታ ቀጣሪዎች የሥራ ልምድን የሚቆጥሩት የተጠየቀው የትምህርት ማስረጃ ከተገኘበት ቀን ጀምሮ ነው።

በ2004 ዓ.ም. በአካውንቲንግ ዲፕሎማ ተመርቆ ሥራ የጀመረ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ሙያ ዲግሪውን የያዘ ሰው እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. «ዲግሪና 8 ዓመት ወይም ዲፕሎማና 12 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ቢያገኝ፣ በዲግሪው የሚቆጠርለት 6 ዓመት ብቻ ስለሆነ ይወድቃል። በዲፕሎማው ግን 13 ዓመት ስላለው ያልፋል። ዲፕሎማውን «አርጅቷል» ብሎ የሰረዘ አመልካች በገዛ እጁ ከውድድር ወጣ ማለት ነው።

የዘመን አቆጣጠርም እንደዚሁ ዋጋ ያስከፍላል። የምረቃ ዘመኑን በኢትዮጵያ፣ የሥራ ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር የሚጽፍ ሰው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ስለሚፈጥር፣ ገና ሳይመረቅ የሠራ ወይም ለዓመታት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል። አንዱን መርጦ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መለየት ይበጃል።

ማስተርስ ሲያስፈራ

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ሥራው ከትምህርቱ ሲያንስ ነው። ለሽያጭ ሠራተኛ ቦታ ማስተርስ ያለው ሰው ሲያመለክት ቀጣሪው የሚያሰላው ችሎታውን ብቻ አይደለም። «ይህ ሰው የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ያሠለጠንኩበት ገንዘብ ይባክናል፤ ደመወዙም አያረካውም» ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም።

እዚህ ላይ በሲቪና በቅጽ መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያሻል። ሲቪ አመልካቹ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ወረቀት ነው። ነጋዴ ያለውን ዕቃ ሁሉ በመስኮት እንደማይደረድር ሁሉ፣ ለሥራው የማይጠቅመውን ማስተርስ ከሲቪ መተው በራሱ ውሸት አይደለም። ቀጣሪው ያዘጋጀው ቅጽ ግን ሌላ ነገር ነው። «ያለዎትን የትምህርት ደረጃ በሙሉ ይግለጹ» ብሎ ከሥር «ከላይ የሰጠሁት መረጃ ትክክል ነው» የሚል ፊርማ ካስፈረመ፣ አመልካቹ የሚሰጠው ቃል ነው። እዚያ ላይ መደበቅ አያዋጣም። በቃለ መጠይቅ ሲጠየቅም መልሱ እውነቱ ሊሆን ይገባል።

ማስተርሱን የተወ ሰው የተማረባቸውን ዓመታትም ማሰብ አለበት። ሥራ ትቶ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሁለት ዓመት ከተማረ፣ ዲግሪው ሲወጣ ሁለቱ ዓመታት ባዶ ሆነው ይቀራሉ። ባዶ ዓመት ደግሞ ከማስተርስ ይልቅ ያስጠረጥራል። ስለዚህ በአንድ መስመር ጽፎ፣ ሥራውን ለምን እንደፈለገው በማመልከቻ ደብዳቤው ማስረዳት የተሻለ ይሆናል።

መቀነስ ሌላ፣ መጨመር ሌላ

የቀነሰ ሰው ቢበዛ ዕድል ያጣል፤ የጨመረ ሰው ግን ያገኘውንም ሊያጣ ይችላል። ለዚህ የያሁ ኩባንያ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ኩባንያውን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የያዙት ስኮት ቶምፕሰን፣ በአካውንቲንግና በኮምፒውተር ሳይንስ መመረቃቸው ለመንግሥት ተቆጣጣሪ በቀረበ ሰነድ ተገልጾ ነበር። ኮሌጁ የሰጣቸው ዲግሪ ግን የአካውንቲንግ ብቻ ነበር። ይህን ያጋለጠው ሰርድ ፖይንት የተባለው የያሁ ባለአክሲዮን ሲሆን፣ ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሏል ይኸው ነው።

በአገራችንም ሐሰተኛ ማስረጃ ማዘጋጀትም ሆነ ሐሰተኛነቱን እያወቁ መጠቀም በወንጀል ሕጉ ያስቀጣል። ሐሰተኛ ሳይሆኑ የሚያሳስቱ አጻጻፎችም አሉ። ያልተጠናቀቀ ትምህርት «በመማር ላይ» ወይም «እስከ ሦስተኛ ዓመት የተማረ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በዲግሪነት አይቆጠር። የክብር ዶክትሬት ቦታው ከሽልማቶች ተርታ ነው። ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ ደግሞ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የአቻ ግምት ማስረጃ ቢያያዝለት ጥርጣሬን ያስቀራል።

ጉዳዩ ቀጣሪውንም ባለሀብቱንም ይመለከታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ማስረጃውን ከሰጠው ተቋም ያላጣራ ድርጅት፣ በኋላ ላይ ስህተቱን ለማረም የሚከፍለው ዋጋ ይከብዳል። አክሲዮን ለመግዛት የሚያስብ ሰውም የኩባንያውን ኃላፊዎች የትምህርት ዝርዝር ሲያነብ፣ ከዲግሪዎቹ ብዛት ይልቅ የትኛው ዲግሪ ከያዙት ሥራ ጋር እንደሚገናኝ ቢጠይቅ ገንዘቡን በተሻለ ይጠብቃል።